ለእንግዳ መሪ ሆ ብሎ መውጣት ምንድን ነው?

የሌላ አገር መሪ ለጉብኝት ይመጣል። መንገዱ ገና በማለዳ በሰው ይሞላል። ባንዲራ ይውለበለባል፣ የእንግዳው ስም በዜማ ይጠራል፣ እጁን ለመጨበጥ ሰው ይጋፋል። ይህን መሪ የወጡት ሰዎች አልመረጡትም። ቢከፋቸው ሊያወርዱት አይችሉም። አብዛኞቹ ቋንቋውን እንኳ አይሰሙም። ታዲያ ለገዛ መሪያቸው ያላደረጉትን ለእሱ የሚያደርጉለት ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ነገሩን ከእንግዳ አቀባበል ልለየው። መንግሥት ለእንግዳው ምንጣፍ ያነጥፋል፣ መድፍ ያስተኩሳል፣ ራት ያበላል። ይህ የፕሮቶኮል ሥራ ነው፤ ማንም ለማንም ያደርገዋል። እኔ የማወራው ከዚያ ስላለፈው ነው። ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ የሌላ አገር ፖለቲከኛን እንደ አዳኝ፣ እንደ ነፃ አውጪ፣ አንዳንዴም እንደ ቅዱስ ሲያየው ማለቴ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ምስል ስናይ «ሰውየው ምንኛ ተወዳጅ ነው» እንላለን። እኔ ግን ጩኸቱ ስለ እንግዳው የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው ባይ ነኝ። ብዙ የሚናገረው ስለ ጯሂው ነው። ምን እንደጎደለው፣ በማን እንደተማረረ፣ ከማን ምን እንደሚጠብቅ ይናገራል።

ለዚህ ከምሥራቅ በርሊን የበለጠ ምስክር አላውቅም። ጥቅምት 1989 ነው። ምሥራቅ ጀርመን የተመሠረተችበትን 40ኛ ዓመት ታከብራለች። የክብር እንግዳው የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ሚካይል ጎርባቾቭ ነው። ምሽት ላይ የፓርቲው ወጣቶች ችቦ ይዘው በመሪዎቹ ፊት ያልፋሉ። እነዚህ ተመርጠው፣ ተመልምለው የመጡ ልጆች ናቸው። የአገራቸው መሪ ኤሪክ ሆኔከር መድረኩ ላይ ቆሟል። ልጆቹ ግን የሚጠሩት የእሱን ስም አልነበረም። «ጎርቢ! ጎርቢ! ጎርቢ እርዳን!» ነበር የሚሉት።

የፖላንድ ኮሙኒስት ፓርቲ መሪ ራኮቭስኪ ጎርባቾቭ አጠገብ ነበር። ጎርባቾቭ ኋላ እንደተናገረው፣ ራኮቭስኪ ምን እንደሚሉ ይገባሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። አድነን እያሉህ ነው፣ እነዚህ ደግሞ የፓርቲው ልጆች ናቸው፣ በቃ አብቅቷል አለው። ሆኔከር በዚያው ወር በ18ኛው ቀን ከሥልጣን ወረደ። ኅዳር 9 ቀን የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

ልብ በሉ፣ ልጆቹ «ሆኔከር ይውረድ» ቢሉ ይታሰሩ ነበር። የወዳጅ አገር መሪን ማመስገን ግን ማን ይከለክላል? በፕሮግራሙ የተያዘ ነገር ነው። አፍ በተለጎመበት አገር ለእንግዳ መጮህ ለገዛ መንግሥት ቅሬታን የማድረሻ ደህና መንገድ ይሆናል። ፖሊስ ሊያስቆመው ያፍራል።

ጎርባቾቭ በገዛ አገሩስ? በምዕራብ አውሮፓ ከተሞች ሰው «ጎርቢ» እያለ ሲከተለው፣ የአገሩ ሰው ለዕለት ፍጆታው ወረፋ ይዞ ይሟገት ነበር። በ1996 ለሩሲያ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ያገኘው ድምፅ ከመቶ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሃምሳ አይደለም፣ 0.5 በመቶ ገደማ! ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። የሩቅ መሪ የሚታየው ንግግሩና ፈገግታው ነው። ግብሩን የሚከፍለው፣ ልጁን ለጦርነት የሚልከው፣ የዋጋ ንረቱን የሚቀምሰው ሌላ ሕዝብ ነው። የወደደው ሰው ለውዴታው ሒሳብ አይከፍልም።

ይህን በአንድ ሰውና በሁለት ተከታታይ ቀናት ማየት ይቻላል። ሰኔ 9 ቀን 2007 የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሮም ነበር። የኢራቅን ጦርነት የሚቃወሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሰልፍ ጠበቁት። በማግስቱ አልባኒያ ገባ። ፉሼ ክሩያ በምትባል ትንሽ ከተማ ከመኪናው ወርዶ ሕዝቡ መሀል ገባ። ሰው እጁን ያዘው፣ አቀፈው፣ ፀጉሩን ሳይቀር ደባበሰው። በአንድ ሌሊት የተለወጠው ቡሽ አይደለም። ሮም ላይ ቡሽ ማለት ኢራቅ ነበር። አልባኒያ ላይ ግን ከሰርቢያ ለመለየት በምትፈልገው ኮሶቮ ለሚኖሩ ወገኖቻቸው ነፃነት የቆመው ኃያል አገር መሪ ነበር። በኋላም በዚያች ከተማ ሐውልት አቆሙለት።

እዚህ ላይ ማለት የምፈልገው አለ። የኮሶቮ አልባኒያውያን ከቡሽ በፊት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረውን ቢል ክሊንተንን መውደዳቸውን እንደ ጅልነት የሚያይ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልስማማም። በ1999 እሱ የሚመራት አሜሪካ የተሳተፈችበት የኔቶ የአየር ድብደባ 78 ቀናት ከቆየ በኋላ የሰርቢያ ጦር ከኮሶቮ ወጣ፤ የተሰደዱት በብዙ መቶ ሺዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ፕሪሽቲና ውስጥ በስሙ ጎዳና ሰየሙለት። በ2009 በዚያው ጎዳና ሐውልቱ ሲመረቅ ራሱ ተገኘ። በዚያው ጦርነት ቦምብ የወረደበት የቤልግሬድ ሰው ስለ ክሊንተን የሚያስበው ሌላ እንደሆነ ግልጽ ነው። ይሁንና ቤቱ የተመለሰ ሰው ማመስገኑ ምን ያስነውረዋል? ይህ ከባዶ ሙገሳ ይለያል። ምክንያቱ በእጅ የሚዳሰስ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ኪንግስተን ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 1966። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ ይገባሉ። ወደ 100,000 የሚገመት ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈሷል። ብዙው ራስተፈሪያን ነው፤ ለእነሱ የሚመጣው ንጉሥ ብቻ ሳይሆን አምላክ ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰው አጥሩን ጥሶ ሜዳው ላይ ገባ። ከበሮ ይመታል፣ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ሰው ክንፉ ሥር ሳይቀር ቆሟል። ቀይ ምንጣፉና የወታደር ሰልፉ መላ ቅጡ ጠፋ። ንጉሡ አውሮፕላኑ ውስጥ ቆዩ። በመጨረሻ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስተፈሪያን ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን አረጋጋ፤ መንገድ ተከፈተና ወረዱ።

ያ ሁሉ ሰው የወጣው የንጉሡን አስተዳደር አጥንቶ አይደለም። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1965 መጀመሪያ፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በእኚሁ ንጉሥ መንግሥት ላይ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ስለ አንድ ሰው የሚያወሩ አይመስሉም። እውነቱን ለመናገር አያወሩምም። ጃማይካዊው የሚያወራው ስለ ራሱ ነው። አያቶቹ በባርነት የተጋዙ፣ በገዛ አገሩ በድህነቱና በፀጉሩ የሚናቅ፣ ፖሊስ የሚያሳድደው ሰው ነው። ጥቁር ንጉሠ ነገሥት በክብር ሲመጣና የአገሩ ባለሥልጣናት ሲያጎነብሱለት አየ። ፕላኖ በዚያ ደረጃ ላይ ሲቆም፣ ያን ቀን ሥርዓት ማስከበር የቻለው የተናቀው ወገን ሰው መሆኑን መንግሥት በዓይኑ አየ። ከጉብኝቱ በኋላ ራስተፈሪያን በአገራቸው የነበራቸው ቦታ ቀስ በቀስ ከፍ ማለት ጀመረ። ቀኑንም እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ንጉሡ አምላክ ስለመሆን አለመሆናቸው ምንም ብናምን፣ ሆታው ለሆታ ባዮቹ የሠራላቸው ሥራ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ፤ ተዘጋጅቶ ስለሚቀርበው ሆታ። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን በአውቶቡስ ጭኖ ያመጣል፣ በእጅ የሚያዝ ባንዲራ ይታደላል፣ መፈክሩ አስቀድሞ ይጻፋል። እንግዳው ያያል፣ ካሜራው ይቀርጻል። የጋባዡ መሪ መልእክት ባጭሩ «ሕዝቤ ስላዘዝኩት ይወጣል» ነው። ለእንግዳው ክብር የተደገሰ ቢመስልም የሚከብረው ደጋሹ ነው።

እንዲህ ያለ ድግስ የሚያስከፍለው ዋጋ ብዙ ጊዜ በደሃው ላይ ይወድቃል። የካቲት 2020 ዶናልድ ትራምፕ ሕንድ ሲሄዱ አህመዳባድ ከተማ ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው የያዘ ስታዲየም ጠበቃቸው። ትራምፕ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ደግሞ በድሆች መንደር ፊት ብዙ መቶ ሜትር የሚረዝም ግንብ ተሠርቶ ነበር። የከተማው ባለሥልጣናት ግንቡ የመንገዱን ይዞታ ለመጠበቅ የታሰበ እንጂ ከጉብኝቱ ጋር እንደማይገናኝ ተናገሩ። ነዋሪዎቹ ግን እኛን ከእንግዳው ሊደብቁን ነው አሉ። እኔ ነዋሪዎቹን አምናለሁ። ለእንግዳ ሲባል የገዛ ዜጋን መደበቅ ክብር አይደለም።

ታዞ የወጣና ወዶ የወጣ ሰው ሁልጊዜ አይለይም። ሰኔ 1974 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ግብፅ ሲገባ ወደ ሚሊዮን የሚገመት ሰው የካይሮን መንገዶች ሞላ። ከግብፁ መሪ ከአንዋር ሳዳት ጋር በባቡር እስከ እስክንድርያ ሲጓዝም ሕዝብ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ነበር። የሳዳት መንግሥት ሰው እንዲወጣ ማድረጉ አያጠያይቅም። ግን ግብፃዊው ከጦርነት ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰላምና ሥራ ከአሜሪካ ጋር ይመጣል ብሎ ከልቡ ተስፋ ያደረገ ብዙ ነበር። ኒክሰን በበኩሉ በዋተርጌት ቅሌት ተወጥሮ ነበርና ያ ሆታ እፎይታ ሆነለት። አገሩ ላይ ግን አላዳነውም፤ ነሐሴ 9 ከሥልጣን ለቀቀ።

ሆታው እንግዳውንም ይለውጣል። የሮማኒያው መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ በ1971 ቻይናንና ሰሜን ኮሪያን ጎበኘ። ፒዮንግያንግ ላይ አሥር ሺዎች በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ሲታዘዙ፣ ከተማው ሙሉ ለአንድ ሰው ሲያጨበጭብ አየ። አገሩ እንደተመለሰ ሐምሌ ላይ ባህልንና ትምህርትን በፓርቲ ቁጥጥር ሥር የሚያጠብቅ መመሪያ አወጣ። የራሱን ስብዕና ማስመለክም ከዚያ በኋላ እየባሰ ሄደ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን ያያይዟቸዋል። ለእሱ የተደገሰው ትርኢት መጨረሻ ላይ ሮማኒያውያንን አስከፈላቸው።

የተካነ እንግዳ ደግሞ ሕዝቡ ምን እንደጎደለው አውቆ ይመጣል። ሰኔ 26 ቀን 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ምዕራብ በርሊን ሲናገር ጀርመንኛ አይችልም ነበር። የሚላትን ነገር በእጁ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ አነባበብ ጽፎ ያዘ፦ «ኢሽ ቢን አይን በርሊነር»፤ እኔም በርሊናዊ ነኝ። መቶ ሺዎች አደባባዩን በጩኸት አናጉት። ከተማዋ በግንብ ከታጠረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። ግንቡ ሲሠራ አሜሪካ አላስቆመችም። ንግግሩም አላፈረሰውም፤ ከዚያ በኋላ 26 ዓመት ቆመ። ነገር ግን በርሊናዊው የፈራው መተውን ነበር። ኬኔዲ አንተዋችሁም አለ፣ ሕዝቡም የሚሰማውን ሰማ። ኅዳር ላይ ሲገደል አደባባዩን በሦስተኛው ቀን በስሙ ጠሩት።

ጭንቁ የሚመጣው ሕዝቡና እንግዳው በአንድ ሆታ ሁለት የተለያየ ነገር ሲሰሙ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ይህን በቁሙ አየው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከወር በኋላ ፓሪስ ሲገባ ሕዝቡ በደስታ አበደ፣ ትልቅ ጎዳናም በስሙ ተሰየመ። ጥር 1919 ጣሊያን ሲደርስም እንደዚያው ነበር። ቱሪን ላይ ኮርሶ ዊልሰን የሚባል ጎዳና ተሰየመለት። ዊልሰን ይህ ሁሉ ሕዝብ የሰላም ሐሳቤን ደግፎ የወጣ ነው ብሎ አመነ። መንግሥታቱን ተሻግሬ ከሕዝቡ ጋር በቀጥታ መነጋገር እችላለሁ አለ።

ጣሊያናዊው ግን ደስ ያለው ጦርነቱ ስላበቃለት ነው። በዚያ ላይ ልጆቹን የገበረበት ጦርነት መሬት እንዲያስገኝለት ይጠብቃል። ዊልሰን ምንም አልደበቀም ነበር። ከዓመት በፊት ካወጣቸው 14 ነጥቦች ዘጠነኛው የጣሊያን ድንበር ሕዝቡ በሰፈረበት ወሰን ይስተካከል ይላል። ለሆታ የወጣው ሰው ይህችን ነጥብ ልብ አላላትም። ፊዩሜ የምትባለው የወደብ ከተማ ለጣሊያን አትሰጥም ሲልና ሚያዝያ 23 ቀን በመግለጫ ለጣሊያን ሕዝብ በቀጥታ ይግባኝ ሲል፣ ያ ሕዝብ ገነፈለ። የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦርላንዶ የፓሪሱን የሰላም ድርድር ጥለው ሮም ሲመለሱ በእልልታ ተቀበሏቸው። ቱሪን ላይ ተማሪዎች የዊልሰንን ስም ከጎዳናው አውርደው ኮርሶ ፊዩሜ የሚል ለጠፉበት። ዊልሰን ጣሊያን ገብቶ በአበባ ከታጀበ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር።