ዱባ ያለ ፀረ ተባይ በጅማ ጓሮ

ዱባ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ቢሆንም የጅማን ጓሮ ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ሙቀቷም ለዱባ ይመቻል። የሚያስቸግረው ጥላና ተባይ ነው። ተባይ ሲመጣ ብዙ ሰው ወደ መርጫው ይሮጣል። መርጫው ግን ንቡንም አብሮ ይፈጃል፤ ንብ ከጠፋ ደግሞ ዱባው አያፈራም።

ቡና፣ እንሰትና አቮካዶ ባጠሉበት ቦታ የተተከለ ዱባ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ የጓሮ ዳርቻ ይመረጥ። በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናቡ ሲይዝ፣ ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ከአንድ ባልዲ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። የጅማ ቀይ አፈር አሲድ ስለሚበዛበት ሁለት እፍኝ የምድጃ አመድ ቢጨመርበት ይጠቅመዋል። ሲሞላ ከመሬቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጉብታ ይሁን፤ አለዚያ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። ሦስት ዘር በ3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል፤ ሲበቅል ጠንካራው ብቻ ይቀራል። በጉድጓዶቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሜትር ይተው።

ችግኙ ማለዳ ከአንገቱ ተቆርጦ ከተገኘ ያደረገው ቆራጭ ትል ነው። ቀን ቀን እዚያው አጠገብ አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚተኛ በጣት ቢጫር ይገኛል። ከካርቶን የተሠራ ቀለበት ጥቂት አፈር ውስጥ ገብቶ ችግኙን ቢከብበው ትሉ አይደርስበትም። በዙሪያው አመድ መነስነስም የተለመደ ነው፤ ሆኖም የጅማ ዝናብ በአንድ ሌሊት ያጥበዋል።

ትንንሽ ዱባዎች ቢጫ ሆነው ሲረግፉ ወዲያው ተባይ ይወቀሳል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አለመዳቀል ነው። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዱ ቀድሞ ይመጣል፤ በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ስለሚቆም ይታወቃል፤ ቢረግፍም አያሳስብም። በሴቷ አበባ ሥር ግን ገና ከመነሻው ትንሽ ዱባ አለች። ሁለቱም ንጋት ላይ ተከፍተው ረፋዱ ላይ ይጨማደዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ በዚያው ሰዓት ዝናብ ከጣለ ንብ አትወጣም። ያኔ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወንዱን አበባ ቆርጦ ቢጫ ቅጠሎቹን መላጥ፣ ዱቄት የያዘውን መሀሉን በሴቷ አበባ መሀል ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። አንድ ወንድ ለሁለት ሴት ይበቃል።

የረገፈችው ፍሬ ተሰንጥቃ ውስጧ ንጹሕ ከሆነ አልተዳቀለችም ማለት ነው። በአበባው በኩል ያለው ጫፍ ጠቁሮ ከበሰበሰ የካልሲየም እጥረት ወይም አንዴ ደረቅ አንዴ ጨቀየ የሚል አፈር ነው። ነጫጭ ትል ከተገኘባት የዱባ ዝንብ ገብቷል፤ ከሁሉም የሚከፋው ይኸኛው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዳከስ ሲሊያተስ ሲሆን በውጭ ጽሑፎች የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ ተብሎም ይጠራል። እንስቷ ለስላሳውን ልጣጭ ወግታ ከሥሩ እንቁላል ትጥላለች፤ በተወጋው ቦታ ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ ጠብ ብሎ ይደርቃል። ትሉ ፍሬውን በልቶ ሲጨርስ አፈር ውስጥ ይቀበርና ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ የተወጋውና የረገፈው በየቀኑ ተለቅሞ፣ በፌስታል ታስሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ይዋል። ኮምፖስት ክምር ላይ መጣል ዝንብ ማርባት ነው። ሐረጉ ከጠና በኋላ ዶሮዎችን መልቀቅ ጥሩ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አፈር ጭረው ሙሽሬውን፣ ማለትም ዝንብ ለመሆን የተቀበረውን ትል፣ ይለቅማሉ።

ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ፍሬውን መሸፈን ነው። አበባው በተዳቀለ ማግስት፣ ከአሮጌ ነጠላ በተሰፋ ከረጢት ወይም በደረቅ የኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ልጣጩ በጥፍር አልወጋ እስኪል ድረስ ይቆይ። ፌስታል ውሃ ይቋጥርና ያበሰብሰዋል። የወባ አጎበርም አይሆንም፤ መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ንብንም ይገድላል።

ቅጠሉን ወንፊት የሚያስመስለው ነጠብጣብ ያለበት ብርቱካናማ ጢንዚዛ፣ ብርድ አደንዝዞት ሳለ ማለዳ በእጅ ተለቅሞ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ይጣላል። ቀለሙ ደብዘዝ ያለና ፀጉራም ነው፤ የሚያብለጨልጨው ዘመዱ ክሽክሽ የተባለውን የቅጠል ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ተባይ የሚበላ ወዳጅ ስለሆነ አይነካ። ክሽክሹን ለማጽዳት በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ተበጥብጦ አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር ይረጫል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ቅጠሉ ተዥጎርጉሮ የተጨማደደ ተክል በቫይረስ የተያዘ ነውና ተነቅሎ ይወገድ። ዝናቡ ሲቆም ቅጠል ላይ ለሚታየው ነጭ ሻጋታ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት በሳምንት አንዴ ይረጫል።

በውጭ ጽሑፎች በብዛት የሚነሳው የዱባ ግንድ ሰርሳሪ የአሜሪካ ተባይ ስለሆነ እዚህ እሱን መፈለግ ድካም ነው። ለተባይ መከላከያ የሚውለው ኒምም ቆላ የሚወድ ዛፍ በመሆኑ ጅማ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ጃርትን ግን ከጥብቅ አጥር በቀር የሚመልሰው የለም።

ልጣጩ ሲጠነክርና እጀታው ሲደርቅ፣ ዱባው 5 ሴንቲ ሜትር እጀታ ተትቶለት በቢላዋ ይቆረጥ። ከ7 እስከ 10 ቀን ፀሐይና ነፋስ ባለበት ቦታ ይድረቅ፤ ከዚያ ሳይነካካ በቆጥ ላይ ይደርደር። እጀታው የተገነጠለ ወይም የተጫረ ስለማይቆይ ቀድሞ ይቀቀል።