ዩሮጋይኔኮሎጂ፦ በር አጠገብ ለሚቀመጡት እናት የሚሆን ሐኪም

አንዲት የስድስት ልጆች እናት ለደም ግፊት ክትትል ጤና ጣቢያ ሄዱ እንበል። ግፊታቸው ተለካ፣ መድኃኒታቸው ታደሰ፣ ነርሷን መርቀው ወጡ። ሲስቁ ሽንት እንደሚያመልጣቸው ግን አልተናገሩም። ነርሷም አልጠየቀች። ብትጠይቅም "ወልጄ አይደል፣ ምን ይደረጋል" ብለው ያልፉት ይሆናል። እኚህ እናት ለቅሶ ቤት ሲሄዱ በር አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ነገ የአውቶቡስ መንገድ ካለ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ውሃ አይቀምሱም። ቅዳሴ የሚያስቀድሱት ከቅጽሩ ውጭ ቆመው ነው። ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ ውዱእ አድርገው ሶላቱን ሳይጨርሱ ሌላ ውዱእ ያስፈልጋቸዋል።

ለዚህ ጉዳይ ብሎ የተማረ ሐኪም አለ። ዩሮጋይኔኮሎጂስት ይባላል። ስሙ ምላስ ያሰናክላል፣ ሥራው ግን በአጭሩ ይነገራል፦ የሴቶችን ፊኛ፣ ማህፀንና ፊንጢጣ ደግፎ የሚይዘው አካል ሲላላ ወይም ሲቀደድ ማከም። ሙያው በማህፀን ሐኪሙና የፊኛና የሽንት ቧንቧ ሐኪም በሆነው ዩሮሎጂስት መሃል ነው ያለው። አንዱ "ፊኛ የኔ አይደለም"፣ ሌላው "ማህፀን የኔ አይደለም" ሲሉ ሴትየዋ መሃል ላይ ትመላለስ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሥልጠናው መንገድ ረጅም ነው። ሐኪም ከሆኑ በኋላ 4 ዓመት የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ አለ። ከዚያ በላይ ፌሎሺፕ የሚባለው ተጨማሪ ሥልጠና ይመጣል። ይህን ከሚሰጡት መካከል መቐለና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ይገኙበታል። በአሜሪካ ሙያው ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ የታወቀው በ2011 ሲሆን የመጀመሪያው የብቃት ፈተና የተሰጠው በ2013 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ ከማህፀን ሕክምናም ከዩሮሎጂም ተነስቶ መግባት ይቻላል።

የዳሌ ወለል የሚባለውን ለመረዳት ጠፍር አልጋን ማሰብ ይበቃል። ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ ጡንቻና ጅማት ተወጥሯል። ፊኛው፣ ማህፀኑና የትልቁ አንጀት ጫፍ የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው። ጠፍሩ ሲላላ አልጋው መሃሉ ይጎደጉዳል። የሚያላላው ብዙ ነገር ነው። ዋናው ወሊድ ነው፣ በተለይ ምጡ ከረዘመና ወሊዱ ከተደጋገመ። ቆይቶ የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ውፍረትና ዕድሜም አሉበት። ጀርባ ላይ የሚታዘለው ጀሪካንና የእንጨት ሸክምም አለ። አራስ ቤት መተኛት ደግ ወግ ነው። ችግሩ ለሁሉም አለመድረሱ ነው። ገና ሳትጠና ውሃ ልትቀዳ የምትወርድ አራስ አገር ቤት ብርቅ አይደለችም።

መላላቱ በየሰው መልኩ ይለያያል። አንዷ ስታስነጥስ፣ ስትስቅ ወይም ጀሪካን ስታነሳ ጠብ ይላታል። ሌላዋ ሽንቷ ድንገት ይመጣና መጸዳጃ ቤት ሳትደርስ ያመልጣታል። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የድጋፍ ችግር ነው። ሁለተኛው ፊኛው ያለ ጊዜው እየተኮማተረ የሚያመጣው ነው። ሁለቱም ያለባት ሴትም አለች። ከዚያ ደግሞ የማህፀን መውጣት አለ። ሴቶች "እንቁላል የመሰለ ነገር ወረደብኝ" ወይም "ሲመሽ ከታች ይከብደኛል" እያሉ ነው የሚገልጹት። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ቀለል ይላል፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው ከዋሉ ይብሳል። ፈስ ወይም ሰገራ አለመቋጠርም የእነዚሁ ሐኪሞች ሥራ ነው። እሱን ደግሞ ከሽንቱም በላይ ይደብቁታል።

ሐኪሙ ዘንድ ምን ይሆናል? ከመሣሪያ በፊት ጥያቄ ይቀድማል። በቀን ስንት ጊዜ? ሌሊትስ ስንቴ ይነሳሉ? ጨርቅ ወይም ሞዴስ ያደርጋሉ? ቡናስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስቃል። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ጠዋትም ማታም የሚጠጣ ሰው ፊኛው ቢቸኩል አይገርምም። ቡና ፊኛን ያስቸኩላል፣ ሽንትም ያበዛል። አስተዋይ ሐኪም "ቡና ተዉ" አይልም። እንደዚያ ካለ ተመልሰው አይመጡለትም። "ማታ ማታ ያለውን ይቀንሱልኝ" ይላል።

ቀጥሎ የፊኛ መዝገብ ይሰጣል። ሴትየዋ ለ3 ቀን ምን እንደጠጣች፣ ስንት ሰዓት እንደሸናች፣ ምን ያህል እንደሆነና መቼ እንዳመለጣት ትመዘግባለች። መለኪያው መስመር የተሠራበት የፕላስቲክ ጆግ ሊሆን ይችላል። ማንበብና መጻፍ ለማትችል ሴት ሥዕል ላይ ጭረት ማድረግ ይበቃል። ይህ ተራ ወረቀት አንዳንዴ ከውድ ምርመራ የበለጠ ይናገራል። ቀን ቀን በደንብ የምትቋጥር፣ ሌሊት ግን አምስት ጊዜ የምትነሳ ሴት ጣጣው ፊኛዋ ላይ ሳይሆን እግሯ ላይ ያበጠው ውሃ ወይም ስኳሯ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሽንት ተመርምሮ ኢንፌክሽን እንደሌለ ይረጋገጣል። ፊኛው ሞልቶ ሳለ "እስቲ ሳል ይበሉልኝ" ይባላል። ጠብ ካለ በዓይን ይታያል። የማህፀኑ መውረድ ከ0 እስከ 4 ባለ ደረጃ ይለካል። 4 ማለት ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው። ሸንተው ሲጨርሱ የቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ይታያል። ጉዳዩ ሲወሳሰብ ብቻ የፊኛውን ግፊት የሚለካ ምርመራ ይጨመራል።

ሕክምናው ሁልጊዜ በቢላ አይጀምርም። አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1948 ያስተዋወቀው የጡንቻ እንቅስቃሴ ዛሬም የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ፈስ እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ጥቂት ሴኮንድ መያዝ፣ መልቀቅ። ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ3 ወር ያህል። ብዙዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻሉ። ሆድ የሚወጥሩ ወይም መቀመጫቸውን የሚያጠብቁም አሉ፣ ያ አይሠራም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ነርስ ቢታይ ጥሩ ነው።

ለማህፀን መውጣት ፔሳሪ የሚባል የሲሊከን ቀለበት አለ። ሐኪሙ ልክ ይመርጣል፣ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ "ይነሱ፣ ይራመዱ፣ ቁጢጥ ይበሉ፣ ይሽኑ" ይላል። ካልወደቀና ካልቆረቆረ ልኩ ነው። ሴትየዋ አውጥታ አጥባ መልሳ ማስገባት ትማራለች። ካልቻለች በየጥቂት ወሩ ትመለሳለች። ቀለበቱ ያለ ክትትል ዓመታት ከተረሳ ግን ሥጋ ይበላል።

ቀዶ ሕክምና ከመጣ አንድ የተለመደ አባባል መታረም አለበት። "ማህፀኑ ይውጣና ይገላገሉ" ይባላል። ጥፋቱ ግን የማህፀኑ አይደለም፣ የተሸከመው ጠፍር ነው። ማህፀን ወጥቶ የብልቱ የውስጥ ጫፍ ከጅማት ጋር በደንብ ካልተሰፋ ያው ነገር ተመልሶ ይወርዳል። ማህፀኑን ሳያወጡ ወደ ቦታው መስቀልም ይቻላል። በሳል ለሚያመልጥ ሽንት ደግሞ ከሽንት ቧንቧ ሥር እንደ ማንገቻ የሚደረግ ቀጭን ጥብጣብ አለ። ስዊድናዊው ኡልፍ ኡልምስተን በ1990ዎቹ ካስተዋወቀው ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። ሁሉም አዲስ ነገር ግን አልተባረከም። ለማህፀን መውጣት በብልት በኩል ይገባ የነበረው ሰው ሠራሽ መረብ ብዙ ሴቶችን ለሕመምና ለክስ ዳርጎ፣ በሚያዝያ 2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አምራቾቹ ሽያጭ እንዲያቆሙ አዟል።

ወደ ፊስቱላ እንምጣ፣ ሙያው ከእኛ አገር ጋር በጥብቅ የታሰረው በእሱ ነውና። ምጥ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛውን ከአጥንቱ ጋር ጨቁኖ ይይዘዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል። ከቀናት በኋላ ይረግፍና ቀዳዳ ይሆናል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። እናቲቱ ቀንም ሌሊትም ያለ ማቋረጥ ሽንት ይፈሳታል። ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ሽንት ሲፈሳት ያየ ሰው ቶሎ ወደ ሐኪም ይውሰዳት። ትንሽ ቀዳዳ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ገብቶ ፊኛው ለሳምንታት ባዶ ሆኖ ከቆየ በራሱ ሊደፈን ይችላል።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ የሚያኮራ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ጀምስ ማሪዮን ሲምስ ዘዴውን ያዳበረው ከ1845 እስከ 1849 አላባማ ውስጥ በባርነት በነበሩ ጥቁር ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ነው። ስማቸው የታወቀው አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ ናቸው። አናርካ ብቻዋን 30 ጊዜ ያህል ቀዶ ሕክምና ተደርጎባታል። የሲምስ ሐውልት ከኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተነሳው በ2018 ነው።

አዲስ አበባ ላይ ታሪኩ በሌላ መልክ ተጻፈ። ባልና ሚስት ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 አዋላጆች ሊያሠለጥኑ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። የፊስቱላ ታካሚዎችን አይተው ቀሩ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉ ተከፈተ። በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከተሉ። የታከሙት ሴቶች ከ60,000 በላይ ናቸው። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው አርፈዋል።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ አንድ የሚያምር ነገር አለ። ቀዳዳው ተሰፍቶ ሲያልቅ ሐኪሙ ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በካቴተር ወደ ፊኛው ይሞላል። ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ነጩን ፋሻ ያያል። ሰማያዊ ነጥብ ካልታየ ስፌቱ ይዟል። ዋርድ ውስጥ ደግሞ ነርሶቹ ሦስት ነገር ይጠብቃሉ፦ እንድትጠጣ፣ ሽንቱ በቱቦው እንዲወርድ፣ አልጋው እንዲደርቅ። ቱቦው ታጥፎ ቢዘጋ ፊኛው ይወጠርና ስፌቱ ይበጠሳል። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ የታጠፈ ቱቦ የምታቃና ረዳት ከቀዶ ሐኪሙ አታንስም። ከእነዚህ ረዳቶች ብዙዎቹ ራሳቸው የቀድሞ ታካሚዎች ናቸው። ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆና ገብታ፣ አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት የተካነች የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆናለች።

ቀዳዳው ተደፍኖም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ። የሽንት ቧንቧው ራሱ ተጎድቶ ከሆነ ወይም ፊኛው ከጠበበ ስፌት ብቻውን አይበቃም። የዩሮጋይኔኮሎጂ ሥልጠና አገር ውስጥ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጨርሶ ሊጠገኑ ላልቻሉት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠርቷል። ዛሬ ጤና ተቋም የምትወልደው ሴት ስትበዛ ፊስቱላ እየቀነሰ፣ የፊስቱላ ማዕከሎቹ አልጋ ላይም ማህፀናቸው የወጣባቸው እናቶች እየተኙ ነው። ብዙዎቹ ከነችግሩ ዓመታት ኖረው የመጡ ናቸው።

ውጭ አገር ያሉት እናቶችስ? አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ በየትልቁ ከተማ አለ። የሚቸግረው አፍ ነው። እማማን ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ልጃቸው ነው፣ አስተርጓሚውም እሱ። የትኛዋ እናት ናት ለወንድ ልጇ "ብልቴ ውስጥ የሆነ ነገር ወርዷል" ብላ ተርጉም የምትለው? "ደህና ነኝ በልልኝ" ይላሉ። ልጁም ይላል። እዚያ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በስልክም ይሆናል። ሴት አስተርጓሚና ሴት ሐኪም መጠየቅም ነውር የለውም። ቀጠሮው ሲያዝ "የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት ብትሆን" ማለት ይበቃል። ልጁ ውጭ ቡናውን ይጠጣ።