በምጥ ላይ ስለሚደረግ አልትራሳውንድ የሚባለውና እውነታው

በእርግዝና ጊዜ አልትራሳውንድን ብዙ እናቶች ለምደውታል። ሆዳቸው ላይ ጄል ይቀባል፣ ስክሪኑ ላይ ልጃቸውን ያያሉ፣ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። ያው ማሽን ምጥ ክፍል ውስጥ ሲመጣ ግን ፊታቸው ይለዋወጣል። እንዲህ ያለ ምርመራ እንዳለ ቀድሞ የነገራቸው የለማ! ምጥ ከተፋፋመ በኋላ ደግሞ ረጅም ማብራሪያ ማን ይሰማል? ስለዚህ አሁን፣ ረጋ ብለን እንነጋገርበት።

«ማሽኑን ካመጡ ልጄ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው»

አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የልጁ ፊት ወዴት እንደዞረና ጭንቅላቱ ምን ያህል እንደወረደ ማወቅ ነው። ልጁ በጭንቅላቱ መምጣቱ ብቻውን አይበቃም። ፊቱ ወደ እናቱ ጀርባ ከዞረ መውጫው ይቀለዋል። ወደ ሆዷ ከዞረ ግን ምጡ ሊረዝም፣ የወገብ ህመሙም ሊብስ ይችላል። ደግነቱ እንዲህ ሆነው ምጥ የሚጀምሩ አብዛኞቹ ልጆች በራሳቸው ጊዜ ይዞራሉ። እስከ መወለጃቸው ሳይዞሩ የሚቀሩት ከ100 ወሊድ 5 ገደማ ናቸው።

መንታ ከሆነ የመጀመሪያው ከተወለደ በኋላ ሁለተኛው በምን በኩል እየመጣ እንደሆነ ይታይበታል። ደም ከታየ ደግሞ እንግዴ ልጁ የት እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። የማህፀን በር ላይ ተቀምጦ ከሆነ በጣት መመርመሩ ራሱ ከባድ መድማት ሊያስከትል ይችላል።

«ወደ ውስጥ ያስገቡታል፣ ያማል»

ሴቶችን ከምንም በላይ የሚያስፈራው ይሄ ይመስለኛል። ፍርሃቱም ከየትም አልመጣም። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ በብልት በኩል የሚገባ ቀጭን መመርመሪያ አለ። ያንን ያየች ሴት በምጥ ሰዓትም እሱ ነው ብላ ብትሰጋ አይፈረድባትም።

የምጡ ምርመራ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሆድ ላይ፣ ልክ እንደተለመደው። ሁለተኛው ከታች በኩል ነው። ለሆድ የሚያገለግለው ያው ሰፊ መመርመሪያ ንጹህ ጓንት ወይም ሽፋን ይለብስና ብልት ላይ ከውጭ ይቀመጣል። ውስጥ አይገባም። እናትየው ጉልበቷን አጥፋ ትተኛለች፣ ጄሉ ይቀዘቅዛታል፣ ትንሽ የመጫን ስሜት ይኖራል። በምጥ ላይ ያሉ ሴቶች ይሄንንና በጣት የሚደረገውን ምርመራ እንዲያወዳድሩ በተጠየቁባቸው ጥናቶች፣ ይሄኛው በጣት ከሚደረገው ያነሰ ህመም እንዳለው ተናግረዋል። ድጋሚ ቢደረግላቸው ቅር እንደማይላቸው የተናገሩም ብዙ ናቸው።

ለአንዳንዷ ሴት ግን ጉዳዩ ህመሙ አይደለም፤ መገለጡ ነው። ይሄን «ምጥ ላይ ምን ሀፍረት አለ» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። ሀፍረትማ አለ! መጋረጃ ይሳባል፣ ጉልበቷ ላይ ጨርቅ ይደረጋል፣ ሥራ የሌለው ሰው ከክፍሉ ይወጣል። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

«ልምድ ያለው ሰው በጣቱ ሁሉንም ያውቃል»

የአዋላጅ እጅ ብዙ ያውቃል፣ ክብር ይገባዋል። የልጁ ጭንቅላት ወዴት እንደዞረ በጣት መለየት ግን ለሁሉም ያስቸግራል። ምጥ ሲረዝም የልጁ አናት ያብጣል። ያኔ አቅጣጫውን የሚያሳዩት የራስ ቅል መገጣጠሚያዎች አይዳሰሱም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአየርላንድ በወጣ ጥናት ከ500 በላይ እናቶች ተሳትፈው ነበር። ሁሉም በመሳሪያ ታግዘው ሊወልዱ የነበሩ ናቸው። በጣት ብቻ ሲመረመሩ ከ100 በ20ዎቹ ላይ አቅጣጫው ተስቷል። አልትራሳውንድ ሲጨመር ስህተቱ ከ100 ወደ 2 ገደማ ወረደ። ቫኩም (የልጁን ጭንቅላት ስቦ የሚያወጣው መሳሪያ) ወይም ፎርሴፕስ (ጭንቅላቱን ይዞ የሚያወጣው መቆንጠጫ) የት እንደሚያርፍ የሚወሰነው በዚህ መረጃ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ታዲያ በጣት መመርመር ቀረ ማለት አይደለም። የማህፀን በር ምን ያህል እንደተከፈተ የሚታወቀው አሁንም በዋናነት በጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ምጡ ከተፋፋመ በኋላ ይሄ ምርመራ በየ4 ሰዓቱ ቢደረግ ይበቃል ይላል።

«ከቀዶ ጥገና ያድናል» ወይም «ለቀዶ ጥገና ሰበብ ነው»

ሁለቱንም እሰማለሁ። አልትራሳውንድ መረጃ ይሰጣል እንጂ ልጅ አያዋልድም። በዚያው የአየርላንድ ጥናት አቅጣጫው በትክክል ቢታወቅም በእናትና በልጅ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አልቀነሰም። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ምንም ምክንያት ሳይኖር ለሁሉም እናት ሲደረግ በመሳሪያና በቀዶ ጥገና የሚወልዱት ቁጥር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የፅንስና ማህፀን አልትራሳውንድ ማህበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጡ ሲጓተት ወይም መሳሪያ ከመጠቀም በፊት እንዲደረግ የሚመክረው። «ለምን አስፈለገ?» ብላ የጠየቀች እናት የሚገባ ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

«ጨረር አለው»

የለውም። ራጅ አይደለም። ጆሯችን የማይሰማው የድምፅ ሞገድ ነው። ባለሙያውም ለሚፈልገው መረጃ ከሚበቃው ጊዜ በላይ አያቆየውም።

«ሐኪሙ ካለ ካለ ነው»

አይደለም። ማንኛውም ምርመራ የእናትየውን ፈቃድ ይፈልጋል። የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚፈለግበት፣ ማን እንደሚያደርገው መጠየቅ ትችላለች። አልፈልግም ብትል ያለስድብና ያለቁጣ በሌላ መንገድ መረዳት አለባት። እሺ ብላም መሃል ላይ «ቆይ፣ ይሄኛው ምጥ ይለፍልኝ» ካለች ባለሙያው እጁን አንስቶ ይጠብቃታል።