ጂቪም ላይ ያማረው ከለር ተርሚናል ላይ ለምን ይበላሻል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮድ የሚጽፉ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ጂቪም (በራሱ መስኮት የሚከፈተው የቪም ኮድ መጻፊያ) ላይ የመረጡት ከለርስኪም (የቀለማት ምርጫ ፋይል) ያምራል። ያንኑ ፋይል ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በቪም ሲከፍቱት ግን ቀለሙ ሌላ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ መላ ምቱ ይጀምራል።

«ከለርስኪሙ ተበላሽቷል፣ ሌላ ላውርድ።»

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። በከለርስኪም ፋይል ውስጥ ቀለም በሁለት መንገድ ይጻፋል። ጂዩአይ-ኤፍጂ የሚለው በሄክስ ቁጥር (#ff8800 ዓይነት) የሚሞላ ሲሆን ለጂቪም ነው። ሲተርም-ኤፍጂ የሚለው ለተርሚናል ነው፤ የቀለም ተራ ቁጥር ወይም ስም ይቀበላል። አንዳንድ ሠሪዎች የመጀመሪያውን ብቻ ሞልተው ይተዉታል። ያኔ ተርሚናል ላይ የሚታየው የቪም የራሱ መነሻ ቀለም ነው። ሌላ አሥር ከማውረድ ፋይሉን ከፍቶ ሲተርም የሚል መስመር መፈለግ ይቀላል።

«ተርሚናል ከ16 ቀለም በላይ አያውቅም።»

ያለ ዴስክቶፕ የሚነሳው የሊኑክስ ኮንሶል ላይ ዛሬም እውነት ነው። እዚያ አትድከሙ። ነጭ፣ ጥቁርና ቡኒ ሱፍ ብቻ የያዘ የመንዝ ባና ሠሪ ሰማያዊ ጥለት አምጣ ቢባል ከየት ያመጣል? ሌሎቹ የዛሬ ተርሚናሎች ግን በአብዛኛው 256 ያውቃሉ፦ 16 መሠረታዊ፣ 216 ቅልቅል፣ 24 ግራጫ። 16.7 ሚሊዮን የሚያሳዩም ሞልተዋል።

«ባሽ-አርሲ ውስጥ ተርም የሚባለውን ቫሪያብል ኤክስተርም-256ከለር ካልኩት አለቀ።»

ባሽ-አርሲ ተርሚናል ሲከፈት የሚነበብ የሴቲንግ ፋይል ነው። ይህን ምክር ሁሉም ይወደዋል። እኔ አልወደውም። ቫሪያብሉ ተርሚናሉን አይለውጠውም፤ ተርሚናሉ ምን እንደሚችል ለፕሮግራሞች ይናገራል እንጂ። ባሽ-አርሲ ውስጥ ከተጻፈ ኮንሶሉም ላይ፣ ቲሙክስም (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፍለው ፕሮግራም) ውስጥ ያንኑ ያወራል። ቪም ደግሞ የዋህ ነው፣ የተባለውን አምኖ ተርሚናሉ የማያውቀውን ኮድ ይልካል። ቲፑት ከለርስ የሚለው ትእዛዝ 256 ቢላችሁም እንዳትሸወዱ፣ እሱም የሚያነበው ያንኑ ቫሪያብል ነው።

ትክክለኛው ቦታ የተርሚናሉ ሴቲንግ ነው። ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ፑቲ ላይ ኮኔክሽን ስር፣ ዳታ ውስጥ የተርሚናል ዓይነት የሚጻፍበት ሣጥን አለ። ቲሙክስ ውስጥ ከሆናችሁ በራሱ ኮንፊግ ፋይል ስክሪን-256ከለር ወይም ቲሙክስ-256ከለር በሉት።

«ሰርቨሩ አዲስ አበባ ስለሆነ ነው።»

ቀለሙን የሚስለው ፊታችሁ ያለው ተርሚናል ነው። ኔትወርኩ ቢጎተት ቀለሙ ይዘገያል እንጂ አይለወጥም። ሰርቨሩ ላይ መታየት ያለበት የቪሙ እድሜ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

«ያለ ፕለጊን አይሆንም።»

ሲኤስአፕሮክስ የሚባለው ፕለጊን የጂቪሙን ቀለም ወስዶ ከ256ቱ ውስጥ የሚቀርበውን ይመርጣል። ጎበዝ ነው፤ ግን ጂዩአይ (የመስኮት ገጽታው) ያልተካተተበት ቪም ላይ አይሠራም። የሰርቨር ቪም ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቪም ላይ ተርም-ጂዩአይ-ከለርስ የሚባል ሴቲንግ ተጨመረ፤ ከዚያ በፊት የወጣ ቪም ላይ የለም። ሲበራ ተርሚናሉ የጂዩአይውን ሄክስ ቁጥር በቀጥታ ይጠቀማል፣ ፕለጊን አያስፈልግም። ተርሚናሉ ግን 16.7 ሚሊዮኑን ቀለም መቻል አለበት። ቲሙክስ ውስጥ አብርታችሁት ቀለሙ ጭራሽ ከጠፋ፣ ቪምአርሲ (የቪም ሴቲንግ ፋይል) ውስጥ ቲ-8ኤፍ እና ቲ-8ቢ የሚባሉትን ሁለት ኮዶች መሙላት ያስፈልግ ይሆናል። ተርሚናሉ ራሱ የማይችል ከሆነ አጥፉትና ሲተርም ያለው ከለርስኪም ምረጡ።