የክር መለጠጥ ምንድን ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።» ይህን ተረት በዚህ ሰመር ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሦስቱም ጊዜ ስለ ኅብረት አልነበረም። ስለ ዓሣ ማጥመጃ ክር ነበር።

የመጨረሻው ተናጋሪ ቡና እየጠጣን ነው ያመጣት። ሚኒሶታ ያለን ሐበሾች ዓሣ ማጥመድ ስንጀምር መንገዳችን ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ዓመት ሰፈር ካለ ሐይቅ ዳር፣ ከልጆች ጋር፣ መዳፍ የምታክል ሰንፊሽ። በሁለተኛው ዓመት ጀልባ ያለው ጓደኛ ይገኛል፤ ሚል ላክስ የተባለው ሐይቅ ይኬድና ዎልአይ የሚባለው ዓሣ ይቀመሳል። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። በሦስተኛው ዓመት ሰው ሁሉ የክር ሊቅ ይሆናል። ይኸኛው ወዳጃችንም ሦስተኛ ዓመቱ ነው። «ሞኖ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ደካማ ነው። ብሬድ አይለጠጥም፣ ስለዚህ ጠንካራ ነው። አለቀ» አለና ተረቷን አስከተለ።

ጠቤ «ስለዚህ» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

ምን ከምን እንደሚሠራ ቶሎ ብዬ ልለፍ። ሞኖ፣ በሙሉ ስሙ ሞኖፊላመንት፣ ወጥ የሆነ አንድ የናይለን ክር ነው። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ናይለንን ለሕዝብ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ብሬድ ደግሞ እጅግ ቀጫጭን የፖሊኤትሊን ጭረቶች እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም ስምንት ዘለላ። የዛሬው ዓይነት የተስፋፋው በ1990ዎቹ ነው። ዘንግና ክሩን የሚጠቀልለው ሪል ምን እንደሆኑ አልነግራችሁም።

አሁን ማሸጊያውን አዙራችሁ አንብቡ። 10 ፓውንድ (ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ማለት ነው) የሚል ሞኖ አለ፤ 10 ፓውንድ የሚል ብሬድም አለ። ሁለቱም ላይ የተጻፈው ያው 10 ነው! ልዩነቱ ውፍረት ላይ ነው። ሞኖው 0.28 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ብሬዱ 0.15። ብሬድ የሚበልጠው በእኩል ውፍረት ሲለካ ነው። ክር በውፍረት የሚገዛ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ሁላችንም የምንገዛው በፓውንድ ነው።

ደግሞስ ያ ሁሉ ጥንካሬ ለማን ነው? ሰሃናችን ላይ የሚመጣው ዎልአይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ፓውንድ ነው። በ1979 ከሲጋል ወንዝ የወጣው የሚኒሶታ ሪከርድ እንኳ 17 ፓውንድ ከ8 አውንስ ነው። ድራጉ (ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው የሪሉ ፍሬን) በደንብ ከተስተካከለ፣ ችኮላ ከሌለ፣ በ8 ፓውንድ ክር ይወጣል። ሐይቁ ውስጥ አንበሳ የለም።

ወደ መለጠጥ እንምጣ። ናይለን ከመበጠሱ በፊት እስከ 25 በመቶ ድረስ ሊረዝም ይችላል። ብሬድ ሦስት አራት በመቶ ቢረዝም ነው። ወዳጃችን ይህን የጉድለት ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ ደግሞ ስለ ባሌስትራ ልጠይቀው እፈልጋለሁ።

የጭነት አይሱዙ አስቡ። ባሌስትራው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይተጣጠፋል። ብረቱ ደካማ ስለሆነ ነው? እስቲ ባሌስትራውን አውጡና በወፍራም ብረት በይዱት፤ ከዚያ ኮረኮንች ላይ ንዱት። መኪናው «ጠንካራ» ሆኗል። የጫነው ቲማቲም ግን ጭማቂ ሆኖ ይደርሳል። በእኛ ሥራ ቲማቲሙ የዎልአዩ አፍ ነው። ዓሣው ጭንቅላቱን ሲያራግፍ እያንዳንዱ ርግጫ ጉድጓድ ነው። የሚለጠጥ ክር ርግጫውን ይውጠዋል። የማይለጠጥ ክር ቀጥታ መንጠቆው ላይ ያሳርፈዋል። ዘንጉ ሁለተኛው ባሌስትራ ነው። ድራጉ ፍሪሲዮን ነው፤ ይሄ እንኳ ምሳሌም አይደለም፣ ውስጡ በትክክል የሚፋተጉ ዲስኮች ናቸው። መካኒክ የሆነ ጓደኛዬ «አሞርዛተሩስ የት ገባ?» ብሎ ይዞኛል። ውኃው ነው ብዬ አመለጥኩ።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሚል ላክስ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጥሩ ዎልአይ ያዝኩ። ሪሌ ላይ ብሬድ ነበር፣ ዘንጌ ድርቅ ያለ፣ ድራጌ ጥብቅ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ አንዴ ጭንቅላቱን አራገፈና ሄደ። አንድ ትልቅ ሰው አብረውኝ ነበሩ።

«ክሩ ተበጠሰ?»

«ኧረ አልተበጠሰም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

መንጠቆውን አነሳሁና አሳየኋቸው። ጫፉ ላይ ስስ የአፍ ቆዳ ቀርቶ ነበር። ክሬ አልከዳኝም። ችግሩም እሱ ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ከመያዙ በፊት ነው። ዎልአይ ሲበላ ሁልጊዜ እንደ ውሻ አይነክስም። ብዙ ጊዜ አፉንና የጉንጩን ክዳን ባንዴ ይከፍትና ውኃውን ከነትሉ ይስባል። ሊንዲ ሪግ የተባለው አሠራር፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሮንና አል ሊንድነር የተባሉት ወንድማማቾች እዚሁ ሚኒሶታ ያስፋፉት፣ ለዚህ ጠባይ የተመቸ ነው። ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ክሩ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዓሣው አልቅቱን ወይም ትሉን ይዞ ሲሄድ ክብደቱን አይጎትትም። ክሩ ድርቅ ብሎ ከተወጠረና የማይለጠጥ ከሆነ ግን፣ ትሉ ተስቦ አፉ ውስጥ ሊገባ ሲል ይያዛል። እናንተ እጃችሁ ላይ «ጠቅ» ብቻ ትሰማላችሁ። ስትስቡት ግማሽ ትል ይወጣል። «ዛሬ ንክሻው ደካማ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዴ ደካማው ንክሻው አይደለም።

በነገራችን ላይ ወዳጃችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። 30 ሜትር ሞኖ ውኃ ውስጥ ካለ፣ አምስት በመቶ ብቻ ቢለጠጥ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ያ ሁሉ ላስቲክ ወሬ ያቀልጣል። እርሳሱ ጠጠር ላይ ይሁን ጭቃ ላይ አታውቁም። በብሬድ ግን ታውቃላችሁ፤ እርሳሱ ድንጋይ ሲነካ ጣታችሁ ላይ ይንኳኳል። ጥልቀት ሲጨምር፣ ነፋስ ሲመጣ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጭን ስለሆነም ውኃውን በቀላሉ ይቆርጣል፤ በትንሽ እርሳስ መሬት ይደርሳል። እኔ ራሴ ሊንዲ ሪግ ስሠራ ዋናው ክሬ 10 ፓውንድ ብሬድ ነው። ገረማችሁ? ጠቤ ከብሬድ ጋር አይደለም ብያለሁ።

ከፊቱ፣ በመንጠቆው በኩል፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሊደር የሚባል አጭር ክር እቋጥራለሁ፤ 6 ወይም 8 ፓውንድ ሞኖ፣ አንዳንዴ ፍሎሮካርቦን የተባለው ሌላ ዓይነት ክር። እዚህ ጋ ሁለተኛው ስሕተት ይመጣል፤ ይሄ ደግሞ የሚሰማው ከአራተኛ ዓመቶች ነው። «ሊደሩ ሞኖ ስለሆነ መለጠጡን አግኝቻለሁ» ይላሉ። አስሉት። የአንድ ሜትር ተኩል አምስት በመቶ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይሄ ባሌስትራ አይደለም፤ የሹፌሩ ወንበር ላይ የተነጠፈ ስፖንጅ ነው። ሊደር ሥራው ሌላ ነው። አንደኛ፣ አይታይም። ዎልአይ በጨለማ እንዲያይ የተሠራ ዓይን አለው፤ ውኃውም ከጠራ ወፍራምና ቀለም ያለው ክር ሊያስበረግገው ይችላል። ሚል ላክስ ውስጥ ዜብራ መስል የምትባለው ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት በ2005 ከተገኘች ወዲህ ውኃው ጠርቷል። ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ የተባለው ሐይቅ ግን ሻይ የመሰለ ውኃ ነው፤ እዚያ ስለ መታየት ብዙ አልጨነቅም። ሁለተኛ፣ የተወጠረ ብሬድ ድንጋይና የመስሏን ስለታም ቅርፊት አይችልም። አንዴ ፈተግ ካደረገው ያ ሁሉ ያበረ ድር ይበተናል።

እና በብሬድ ባሌስትራው ከየት ይምጣ? ከዘንጉና ከእጃችሁ። ጫፉ የሚታዘዝ ረዘም ያለ ዘንግ ያዙ። ድራጉን ላላ አድርጉት። የሪሉን ቤይል (ክሩን የሚይዘውን የሽቦ ቅስት) ክፈቱና ክሩን በጣታችሁ ብቻ ያዙት፤ «ጠቅ» ሲል ልቀቁት፣ ዓሣው ይዞ ይሂድ። ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ የላላውን ጠቅልሉና በቀስታ ሳብ። እንደ ቴሌቪዥን ዓሣ አጥማጅ ዘንጉን ወደ ሰማይ መወርወር የሞኖ ዘመን ልማድ ነው፤ ያኔ ግማሹን ጉልበት ክሩ ይበላው ነበር።

ማባበያ አስሮ ከጀልባ ኋላ በመጎተት ለሚያጠምድ ምክሬ ይገለበጣል። ጀልባው እየሄደ ዓሣው ሲመታ ሩቅ ነው፣ ዘንጉም መያዣው ውስጥ ተተክሏል፤ ልቀቅ የሚል ጣት የለም። እዚያ ሙሉውን ሞኖ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ ካልጨመርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ብሬድን ባዶ ማጠንጠኛ ላይ በቀጥታ አትጠቅልሉ፤ ሙሉው ክር ባንድነት ይሽከረከራል። ከሥሩ ጥቂት ሞኖ ይቅደም። ለሞኖ የለመዳችሁት ክሊንች ቋጠሮ ብሬድ ላይ ይንሸራተታል፤ ፓሎማር የተባለውን ቋጠሮ እሰሩ። ሞኖን ስታጠብቁ በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ፍትጊያ ናይለኑን ያሞቀዋል። ሞኖን ዓመት ሙሉ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አታስቀምጡ። ብሬድ ውኃ በመካከሉ ይይዛል፤ ብርዱ ከዜሮ ሲወርድ ዘንጉ ቀለበት ላይ በረዶ ይሠራል፤ የክረምት በረዶ በስታችሁ ስታጠምዱ ይህን አስቡ። ውኃ ውስጥ የተቀረቀረ ብሬድን በባዶ እጅ አትጎትቱ፤ ጣት ይቆርጣል። በሚኒሶታ በረዶ በሌለበት ወቅት ለአንድ ሰው የሚፈቀደው በአብዛኛው ቦታ አንድ ክር ነው፤ «ልጁ ተኝቷል፣ የሱንም ልያዝለት» አይሠራም። እርሳሱንም ከቻላችሁ በሌላ ብረት ቀይሩት፤ ሉን የምትባለዋ የግዛቲቱ ወፍ እየዋጠችው ትመረዛለች።

የተረፈውን ሞኖ ጀልባ ማውረጃው አካባቢ ለክር የተተከለ ቱቦ ካለ እዚያ ክተቱት፤ ተሰብስቦ ዳግም ይሠራበታል። ብሬድ እዚያ አይገባም። በመቀስ አጭር አጭር አድርጋችሁ ቆራርጡና ከቆሻሻው ጋር ጣሉት። የወፍ እግር ላይ ከተጠመጠመ፣ ወፏ የቱንም ያህል ብትታገል አይለጠጥላትም።