የጓሮ ግሪንሃውስ ከመሠራቱ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ በጓሮው ግሪንሃውስ፣ ማለትም አትክልት የሚለማበት ላስቲክ የለበሰ ቤት፣ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የላስቲክና የብረት ዋጋ ነው። ስለ ቤቱ የሚወራው ግምት ግን አብዛኛው በረዶ ከሚከመርበት አገር የመጣ ስለሆነ፣ ዋጋ ከማጣራት በፊት እሱን ማጥራት ይቀድማል።

«ግሪንሃውስ የሚሠራው ለሙቀት ነው።» በእኛ ከተማ ቀን ቀን ሙቀት ይተርፋል። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ውጭው 23 ዲግሪ ሲሆን፣ በሩ የተዘጋ ላስቲክ ቤት እኩለ ቀን ሳይሞላ ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በእንዲህ ያለ ሙቀት የቲማቲም የአበባ ዱቄት ይመክናል፤ ቢጫው አበባ ከነዘንጉ ደርቆ መደቡ ላይ ይረግፋል። ባለቤቱም ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ይጨምርለታል! የቤቱ ትልቁ ጥቅም በክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቅጠል ለሰዓታት ርሶ ሲውል ቡናማ ቁስል ይወጣበታል፣ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ ማሳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠቁራል። ጣራው ቅጠሉን ደረቅ አድርጎ ያቆያል፤ በረዶም ይከላከላል። ስለዚህ ስታቅዱት ምድጃን ሳይሆን ጃንጥላን አስቡ። በሁለቱም ጎን የሚጠቀለል መጋረጃ፣ ከአናቱም የአየር መውጫ ይኑረው። ክፍቱ ቦታ ተደምሮ ቢያንስ የወለሉን አንድ አምስተኛ መሆን አለበት፤ 20 ካሬ ሜትር ለሆነ ቤት 4 ካሬ ማለት ነው።

«ሌሊትስ ያሞቃል?» ብዙም አያሞቅም። ስስ ላስቲክ ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ያስወጣዋል። ውርጭ በሚጥልበት የታኅሣሥ ንጋት የውስጡና የውጩ ቅዝቃዜ ተቀራራቢ ነው። መጋረጃውን ፀሐይ ሳትጠልቅ መዝጋትና አፈሩን እርጥብ አድርጎ ማሳደር ጥቂት ይረዳል።

«ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን።» ይህ ለአውሮፓ የተሰጠ ምክር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከአቅጣጫው ይልቅ የጎረቤት ሕንፃ ያሳስባል። በጓሮው ደቡብ በኩል የቆመ 12 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ታኅሣሥ ላይ ቀትር ሲሆን 7 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥልባችኋል፤ ጠዋትና ማታማ ይበልጥ ይረዝማል። በሰሜን በኩል ያለው ግን በሰኔ ቀትር ከ3 ሜትር ብዙም አይዘልም። አንድ ቀን ብቻ አይታችሁ ቦታ አትምረጡ።

«ላስቲክ ሁሉ ያው ነው።» አይደለም። ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ በደጋ ፀሐይ በወራት ውስጥ ይሰነጣጠቃል። የአበባ እርሻዎች የሚያለብሱት ዓይነት፣ ፀሐይ እንዲቋቋም የተዘጋጀው 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ውፍረት ያለው ላስቲክ በደንብ ከተወጠረ ሦስት ዓመት ያህል ያገለግላል። ቀድሞ የሚቀደደው የጋለ ብረት በሚነካበት ቦታ ስለሆነ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሉት። ባሕር ዛፍም ይሠራል፤ መሬት የሚገባው ጫፉ እንዳይበሰብስ ይታሰብበት እንጂ።

«ተባይ አይገባም።» ነጭ ዝንብና ቀይ ሸረሪት በበሩ ገብተው፣ የሚያጥባቸው ዝናብና የሚበላቸው ጠላት በሌለበት ይራባሉ። በአንጻሩ ንብና ነፋስ እንደ ልብ ስለማይገቡ፣ የቲማቲም አበባ ዱቄቱ እንዲራገፍ ረፋድ ላይ ተክሉ የታሰረበትን ገመድ መነቅነቅ ያስፈልጋል። ለኪያር ደግሞ ያለ ንብ የሚያፈራ ዝርያ ምረጡ።

«ክረምት ስላለ ውሃ አያሳስብም።» የሠራችሁት ዝናብ የሚከለክል ጣራ ነው፤ ውጭው ሲጨቀይ ውስጡ አቧራ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ከ20 ካሬ ጣራ ላይ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝናብ 20 ሊትር ይሰጣል። ይህን ለመያዝ የአሸንዳውና የሮቶው ቦታ በንድፉ ላይ መኖር አለበት፤ ላስቲኩ እስከ መሬት ከለበሰ በኋላ አሸንዳ የሚሰቀልበት ጠርዝ አይገኝም። በበጋ 20 ካሬ ሙሉ ቲማቲም በቀን ከ60 እስከ 80 ሊትር ስለሚጠጣ 2000 ሊትር ሮቶ የሚያቆየው አንድ ወር ገደማ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በ8 ካሬ ቢጀምር ይሻለዋል።