የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲቀየር «ርካሹ» ስንት ያስወጣል?

ድሬዳዋ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ያለበት ቤት ይህን ያውቃል። ፋርማሲው «ኦሪጅናሉ የለም፣ ጀነሪኩ ነው ያለው» ይላል። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

«ርካሽ ነው፣ ውሃ ነው።»

አይደለም። ቴግሬቶል የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ይባላል። ኬፕራ ደግሞ ሌቬቲራሴታም ነው። ጀነሪክ ማለት ያንኑ መድኃኒት ሌላ ፋብሪካ ሲሠራው ነው። የመጀመሪያውን የምርምር ወጪ ስላልከፈለና ተወዳዳሪ ስላለበት ዋጋው ይወርዳል። ፌኖባርቢታልን ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ይሰጣል፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

«ጀነሪክ 20 ከመቶ እንዲያንስ ይፈቀድለታል።»

ግማሽ እውነት ስላለበት ብዙ ሰው ያሳስታል። ወሬው የመጣው ጀነሪኩ ከኦሪጅናሉ አንጻር ከ80 እስከ 125 ከመቶ መሃል ይሁን ከሚለው ደንብ ነው፤ ቁጥሩ ግን ክኒኑ ውስጥ ስላለው መጠን አይደለም። ሁለቱ መድኃኒቶች በሰው ላይ ተሞክረው ወደ ደም የገባው መጠን ሲነጻጸር፣ ውጤቱ ከነስሕተት ህዳጉ በዚያ መሃል ማረፍ አለበት። አማካዩ ወደ ጠርዙ ከተጠጋ አያልፍም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2,000 በላይ ጥናቶችን ሲያይ አማካይ ልዩነቱ 4 ከመቶ አካባቢ ነበር።

«እንግዲያው በየወሩ ያገኘሁትን ልግዛ።»

አቦ ቀስ! እዚህ ላይ መድኃኒቱ ይወስናል። ፌኒቶይን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ሲጨምር ደም ውስጥ ያለው በብዙ ሊዘል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 አውስትራሊያ ውስጥ የፌኒቶይን እንክብል መሙያ ዱቄት ከካልሲየም ሰልፌት ወደ ላክቶስ ተቀየረ። የመድኃኒቱ መጠን ያው ነበር። ሰውነት ግን አብልጦ መጠጠው፣ ሕመምተኞችም ተመረዙ። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኖባርቢታልና ፕሪሚዶን የሚወስድ ሰው ከአንድ አምራች እንዳይወጣ የመከረው ለዚህ ነው። ለሌቬቲራሴታም ግን ይህን ያህል አያስፈልግም ብሏል። ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ካርባማዜፒን በመደበኛው ካርባማዜፒን መተካትም ያለ ሐኪም አይሆንም።

ስለዚህ የካርቶኑን ፎቶ በስልክ ያዙ፤ የአምራቹ ስም ይታይ።

«ትርፉ የዋጋው ልዩነት ነው።»

ሒሳቡ እዚያ አያልቅም። ከመልካ ጀብዱ የሚመጣ ሰው መድኃኒቱ ሲቀየር አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ ቢይዝ፣ ትራንስፖርት አለ፣ የቀረ የቀን ሥራ አለ፣ ምናልባትም የደም ምርመራ። ሕመሙ ተመልሶ አንዴ ከጣለው ደግሞ የወራት ቁጠባ በአንድ ቀን ይሄዳል። በአብዛኛው ግን አንዴ ተቀይሮ እዚያው መርጋት ያተርፋል። የሚያከስረው በየወሩ መዟዟር ነው።

ቀለምም ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ የክኒኑ ቀለም ሲለወጥ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን የማቋረጥ ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። ከዚራ ሰፈር አንድ ፋርማሲ ውስጥ አንዲት እናት ክኒኑን መዳፋቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ የእሱ ነጭ ነበር፤ ይሄ ምነው ቢጫ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ፋርማሲስቱ አሮጌውን ካርቶን ከአዲሱ ጎን አስቀመጠና «እማማ፣ ትልቁን ስም ይተዉት፤ ይቺን ትንሿን መስመር ይዩ» አላቸው። ሁለቱም ላይ ካርባማዜፒን 200 ሚሊግራም ይላል። እንዲህ ያለ ማብራሪያ በነጻ ነው፤ ወረፋ ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

«ኦሪጅናል ከሆነ ከየትም ይገዛ።»

ካርባማዜፒን እርጥበት ከገባው ኃይሉን እስከ ሲሶ ሊያጣ ይችላል። እንዴት እንደተቀመጠ ከማይታወቅ «ኦሪጅናል» ፈቃድ ካለው ፋርማሲ የተገዛ ጀነሪክ ይሻላል።

«ኦሪጅናሉ እስኪመጣ ትንሽ ብቆይ ምን አለበት?»

ከሁሉም ውዱ ስሕተት ይሄ ነው። መድኃኒቱን ድንገት ማቆም፣ በተለይ ፌኖባርቢታልን፣ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ይገድላል። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲ ሂዱ። የለመዳችሁት ከሌለ ያለውን ጀነሪክ ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቃችሁ በዚያው ቀን ያዙ።